ደብረ ብርሃን የተሠራችው ባለሸራ ጀልባ፦ «አትገለበጥም» የተባለላት

ፍርዴን ከፊት ልበለው፣ እስከ መጨረሻ የማያነብ ሰው አይጠፋም። ይቺ ጀልባ በቀላሉ አትገለበጥም። አንዴ ከተገለበጠች ግን፣ ከወርክሾፑ እንደወጣች ከሆነ፣ በቀላሉ አትነሳም። ከሁለቱ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ እንዳለች አትግዟት። አንዳንድ ነገር አስጨምራችሁና አስቀይራችሁ ከሆነ ግን፣ የምሬን ነው፣ ለዋጋዋ ጥሩ ዕቃ ናት።

«ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ጀልባ ምን ሊሠራ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ የኛ አካባቢ ሐይቅ አልታደለም። ጀማም ከሰምም ገደል ለገደል የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ እዚያ ሸራ ልዘርጋ የሚል ሰው ጤናው ይጠየቃል። ግን የመስኖ ግድብ አለ። ክረምት ሲወጣ ጢም ብሎ ይሞላል። ነፋስ እንደሆነ የደጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ና ብለው አይለምኑትም። ከተማው ዳር ያለ አንድ ወርክሾፕ፣ የአይሱዙ ካሶኒና የፋይበር ግላስ ታንከር ሲሠራ የኖረ፣ ትንንሽ ባለሸራ ጀልባ መሥራት ጀምሯል። ስሙን አልጠራም። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አንዷን ገዛን። ዋጋዋ ከደህና ሞተር ሳይክል ያንሳል። ከዚያ ከተማው አቅራቢያ ያለ ግድብ ላይ ወስደን፣ ለመዝናናት ሳይሆን ሆን ብለን ለመገልበጥ ስንታገል ከረምን።

ልኳ እንዲህ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60፣ ስፋቷ ሜትር ተኩል፣ ከሥሯ ጠፍጣፋ። ኮምፔንሳቶ ነች፣ ላይዋ በፋይበር ግላስ ተለብጧል። ባዶ ገላዋን በእህል ሚዛን ሰቅለን መዘንናት፤ 85 ኪሎ ወጣች። ሸራዋ 6 ካሬ ሜትር ነው፣ ድንኳን ሰፊ ቤት የተሰፋ። ምሰሶዋ፣ ልብ በሉ፣ የውሃ ቧንቧ ነው። 5 ሜትር ጋልቫናይዝድ ቧንቧ። ወደሱ እመለሳለሁ፣ ብዙ ጣጣ ያለው እሱ ጋ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት ትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች አንዷ ሌዘር ናት። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20 ገደማ ሆኖ ገላዋ 59 ኪሎ ብቻ ነው። ለልጆች የምትሠራው ኦፕቲሚስት ደግሞ 2 ሜትር ከ36፣ ክብደቷ 35 ኪሎ። የኛዋ አጠርም ብላ ከሌዘር በ26 ኪሎ ትከብዳለች። ይሄ በራሱ ችግር አይደለም። ክብደት ታች ሲሆን ጥሩ ነው። ላይ ሲሆን ነው ጉድ የሚፈላው።

ባለሙያው በሥራቸው የሚኮሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ልንረከብ ስንሄድ እግራቸውን ጠርዟ ላይ ጫን አድርገው፣ «ልጄ፣ በሬ ቢቆምባት አትነቃነቅም» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ነፋስ ግን በሬ አይደለም» አልኳቸው። ሳቁ። ግን ቁም ነገሩ እዚያ ውስጥ አለ።

ብዙ ሰው ጀልባ ሲገዛ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። አንድ እግሩን ያስገባል፣ ይወዘውዛታል፣ ካልተወዘወዘች «አሪፍ ናት» ይላል። ይሄ የሚነግራችሁ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክብደት ወደ ታች ይጎትታል፣ ውሃ ወደ ላይ ይገፋል። ጀልባዋ ቀጥ ስትል ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ስታዘነብል ግን ውሃ ውስጥ የገባው ክፍሏ ቅርጹን ይለውጣል፣ የውሃው ግፊት ወዳዘነበለችበት ጎን ይሄዳል፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ርቀት ይፈጠራል፣ መልሶ የሚያቆማትም ያ ርቀት ነው። ሰፊና ከሥሯ ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ላይ ይሄ ርቀት ገና ትንሽ ስታዘነብል ቶሎ ያድጋል፣ ለዚህ ነው እግር ሲጫንባት ጠንካራ የምትመስለው። ግን ቶሎ ያደገው ቶሎ ያልቃል። አንድ ማዕዘን ላይ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ዜሮ ይሆናል፣ ከዜሮ በኋላ ደግሞ ያው ውሃ ራሱ ያገለብጣታል። ከሥራቸው ክብ የሆኑት ጀልባዎች ገና ስትገቡባቸው ይወዛወዛሉ፣ ሰው ያስደነግጣሉ፣ ግን ቀስ ብለው ነው የሚያዘነብሉት፣ ያስጠነቅቃሉ። ጠፍጣፋዋ ዝም ብላ ዝም ብላ በአንዴ ነው የምትሄደው።

ከሥራቸው ከባድ ብረት ወይም እርሳስ የተሸከሙት ትልልቅ ጀልባዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ብዙዎቹ ከ110 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ምሰሷቸው ውሃ ነክቶ አልፎ እንኳ፣ ተመልሰው ይቆማሉ። ትንሽ ጀልባ ያ ብረት የላትም። ብረቷ እናንተ ናችሁ። የት እንደተቀመጣችሁ፣ ቶሎ ትንቀሳቀሳላችሁ ወይ፣ ተነስታችሁ ትቆማላችሁ ወይ፣ ሚዛኗን የሚወስነው እሱ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ኢንጂነር ቢጤ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ የግልበጣ ቀመር የሚባለውን ሠራላት። ይሄ ቀመር የመጣው በ1979 እ.ኤ.አ. የፋስትኔት የጀልባ ውድድር ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ነው። 303 ጀልባዎች ተነስተው ማዕበል መሐል ያዛቸውና 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፣ ከዚያ በኋላ ሰዎች የትኛዋ ጀልባ ለግልበጣ እንደምትጋለጥ በቀላሉ የሚለዩበት መንገድ ፈለጉ። ስፋቷን በሜትር ትይዛላችሁ፣ የምታፈናቅለው ውሃ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ታወጣላችሁ፣ ስፋቱን ለዚያ ኪዩብ ሩት ታካፍላላችሁ። ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ ለውቅያኖስ ይሁን ይባላል። የኛዋ ከሁለት ሰው ጋር 250 ኪሎ ገደማ ናት፣ ውጤቷ 2.4 ወጣ። ጓደኛችን ፊቱ ጠቆረ። አይዞህ አልነው፤ ቀመሩ ለትልልቅ የባህር ጀልባ የተሠራ ነው። ስፋት ሁሌ መጥፎ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ ክብደቱ ታች ይሁን ላይ አይጠይቅም፣ ጠርዟ ከውሃው ስንት ከፍ እንደሚል አይጠይቅም። ለኛ ግድብ ምንም አይነግረንም። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ሊሸጥላችሁም ሊያስፈራራችሁም የሚመጣ ሰው ካለ አትስሙት።

የሚሠራው ፈተና ጀሪካን ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግም። ሁለታችን መሐል ላይ ቁጭ አልን፣ ስልክ ላይ ያለውን የውሃ ልክ መለኪያ ወለሏ ላይ አስተኛን፣ ከዚያ ሌሎቹ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንድ በአንድ በአንድ ጠርዝ በኩል ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ጀሪካን 3 ዲግሪ ገደማ አዘነበላት። ደስ የሚል ነው፣ እኩል በእኩል ነው የሄደችው። ስድስተኛው ሲጫን ግን ውሃው ከጠርዟ ጣት እስኪቀረው ደረሰ። አቆምን። ስልኩ 20 ዲግሪ አካባቢ ነበር የሚያሳየው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባለሙያው የነገሩን፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው፣ ጀልባዋ ስንት ዲግሪ ላይ ትገለበጣለች የሚለውን ነው። ክፍት ለሆነች ጀልባ ግን ጥያቄው እሱ አይደለም። ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ በጠርዟ ይገባል ነው ጥያቄው። ምክንያቱም ውሃ አንዴ ከገባ ወዳዘነበለው ጎን ይሮጣል፣ ያን ጎን ያከብደዋል፣ የበለጠ ታዘነብላለች፣ የበለጠ ውሃ ይገባል፣ በቃ። ሌዘር ላይዋ የተሸፈነ ነው፣ ጠርዟ ውሃ ውስጥ ቢገባም ወለሏ አይሞላም፣ የገባውንም ራሷ ታወጣዋለች። የኛዋ ሙሉ በሙሉ ክፍት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ በሁለቱም ጎን ከጠርዙ ወደ ውስጥ 15 ሳንቲም የሚሆን መሸፈኛ ይሥሩላችሁ። አንድ ጣውላ አይፈጅም። መቀመጫም ይሆናችኋል። ባለሙያው መጀመሪያ «ውበቷን ያበላሻል» ብለው ነበር፣ በኋላ ግን ሠሩልን፣ እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ነፋሱን እንይ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀላል፣ ያው ነፋስ ባህር ዳርቻ ላይ ቢሆን በሲሶ ያህል በልጦ ይገፋን ነበር። ይሄ ለኛ ጥቅም ነው። ግን ተንጠራርታችሁ አትመኩበት፣ አንድ ብርቱ ነፋስ መጥቶ ያንን ጥቅም በሰከንድ ይበላዋል።

በግምት አስልተነዋል። ሸራው መሐል ላይ የሚገፋው ነፋስና ከሆዷ ወደ ውሃ የሚወርደው ሰሌዳ መካከል 2 ሜትር ከ30 ያህል ርቀት አለ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲነፍስ ሸራው በ10 ኪሎ ያህል ጉልበት ይገፋታል። ማንም ሳይንቀሳቀስ ስድስት ሰባት ዲግሪ ታዘነብላለች፣ ይሄ ደስታ ነው። 30 ሲሆን ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ 15 ዲግሪ ገደማ፣ አሁን አንድ ሰው ወደ ነፋሱ ጎን ሄዶ ጠርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። 40 ሲሆን ሁለት ሰው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንኳ ትግሉ እኩል በእኩል ነው። የአውሮፓ ደረጃ ለተጠለለ ውሃ ብቻ የሚሆኑ ጀልባዎችን ምድብ «ዲ» ይላቸዋል፣ ነፋሱም በቦፎርት መለኪያ ከ4 በላይ እንዳይሆን ያስቀምጣል፣ ያ በሰዓት እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባችን ማንም ደረጃ አልሰጣትም፣ እኔ ግን ከዚያ በላይ አልወጣባትም።

የግድቡ ነፋስ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ጠዋት ውሃው ዝም ብሎ ይውላል፣ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ጀምሮ ይነሳል፣ ከዙሪያው ኮረብታ እየተመታ ስለሚመጣ በአንድ አቅጣጫ አይነፍስም። አሁን ከግራ የነበረው ከአፍታ በኋላ ከኋላ ይመጣል። ውሃው ላይ ጠቆር ያለ ጥላ እየሮጠ ሲመጣ ካያችሁ ያ ብርቱ ነፋስ ነው፣ ከመድረሱ በፊት ተዘጋጁ።

እዚህ ላይ የጀልባዋ አንድ ክፉ ዕቃ አለ። የሸራውን ገመድ የምታስሩበት ብረት አብሮ ተበይዶ መጥቷል። ማሰሪያው ምቹ ነው፣ እጅ ያሳርፋል፣ ለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ላይ ገመዱ በፍጹም አይታሰርም። በእጅ ይያዛል። ነፋስ ሲበረታ ገመዱን ለቀቅ ስታደርጉት ሸራው ይርገበገባል፣ ግፊቱ ይጠፋል፣ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች። የታሰረ ገመድ ይለቀቃል ብላችሁ ስትፈቱ ውሃው ገብቷል። ብረቱን በግራይንደር አስቆርጠን ጣልነው። ገመዱ እጅ የሚልጥ ከሆነ ወፍራም ገመድ ግዙ፣ ጓንት አድርጉ፣ አትሰሩት ብቻ።

ሌላው ነፋስ ከኋላ ሲሆን ነው። ያኔ ጀልባዋ ፀጥ ያለች ትመስላለች፣ ምክንያቱም ከነፋሱ ጋር አብራችሁ ስለምትሄዱ ፊታችሁን አይመታችሁም። ትንሽ መሪውን ካሳታችሁ ግን ነፋሱ ሸራውን በሌላ በኩል ይይዘውና ሸራው ከታች የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወረወራል። ጭንቅላት ካገኘ ይመታል። ጭንቅላት ቢስትም እናንተ ሁላችሁ የተቀመጣችሁበት ጎን አሁን የተሳሳተው ጎን ሆኗል። ይሄ በጀልባዋ ላይ የሚመዘገብ ጥፋት አይደለም፣ ሁሉም ጋ አለ። ግን የኛዋ አግዳሚ ዝቅ ያለ ነው፣ አንድ ጋት ከፍ ቢደረግ አንድ ራስ ይተርፋል።

ሸራውም ማሳጠሪያ የለውም። ነፋስ ሲበረታ ከታች ጠቅልላችሁ የምታስሩበት አንድ ረድፍ ቀዳዳና ክር አሰፉበት። 6 ካሬ ሜትሩ 4 ሲሆን ግፊቱ በሲሶ ይቀንሳል፣ መሐሉም ወደ ታች ስለሚወርድ የማዘንበሉ ጉልበት ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ድንኳን ሰፊው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

አሁን ቧንቧው። ባለ አንድ ተኩል ኢንች የብረት ቧንቧ በሜትር 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። 5 ሜትሩ 18 ኪሎ መሆኑ ነው። ይሄ ክብደት ወለሏ ላይ ተኝቶ ቢሆን ምንም አልነበረም። መሐሉ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ነው የተሰቀለው። ጀልባዋ 30 ዲግሪ ስታዘነብል ቧንቧው ብቻውን የ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ የሚያደርሰውን ያህል ጉልበት ይጨምርባታል። ማለትም ነፋስ ቢቆምም እሱ አይቆምም።

ይሄንን ያየነው በገመድ ፈተና ነው። ሰው ሳይኖርባት፣ ሸራው ተጠቅልሎ፣ የምሰሶው ጫፍ ላይ ረጅም ገመድ አስረን ጥልቀት ወዳለው የግድቡ ጠርዝ አስጠግተን ከግንቡ ላይ ቀስ እያልን ጎተትናት። መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ከበደችን። 20፣ 25 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰው ነበር የሚጎትተው። ከዚያ እየቀለለች መጣች። 40 አካባቢ አንድ ሰው በቃ። 50 ሲቃረብ ገመዱ እጃችን ላይ ላላ። እኛ አልጎተትንም፣ እሷ ራሷ ሄደች። በጎኗ ተኛች፣ ምሰሶው ውሃው ላይ አረፈ፣ ቧንቧው ከላይ ክፍት ስለነበር ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ አወጣ፣ ውሃ ሞላ፣ ጫፉ ቀስ ብሎ ሰመጠ፣ ከዚያ ጀልባዋ ሆዷን ወደ ሰማይ አዙራ ቀረች። ከሆዷ የሚወርደው ሰሌዳም ማሰሪያ ስላልነበረው ከቦታው ተንሸራቶ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ሰሌዳው ደግሞ የተገለበጠች ጀልባ የምታነሱበት ነገር ነው፣ እሱ ላይ ቆማችሁ ነው በክብደታችሁ የምትመልሷት። እሱ ከሌለ ለስላሳ ሆድ ላይ ምን ትይዛላችሁ?

መገልበጥ በራሱ ነውር አይደለም። ሌዘር የሚነዱ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎችም ይገለበጣሉ፣ ሰሌዳው ላይ ይቆማሉ፣ ያነሷታል፣ ይሄዳሉ። ሆቢ 16 የምትባለዋ ባለ ሁለት ገላ ጀልባ ስፋቷ 2 ሜትር ከ41 ነው፣ እንደ ጠረጴዛ ትቆማለች፣ ስትገለበጥ ግን ምሰሶዋን ወደ ታች አድርጋ የመቆለፍ አመል አላት፣ ለዚህም ብዙ ባለቤቶች ምሰሶው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ያስራሉ። እኛም የተማርነው ከዚያ ነው። ቧንቧውን ሁለቱንም ጫፍ አስበየድነው፣ አየር ስለያዘ 9 ኪሎ ያህል ይንሳፈፋል። አይበቃም፣ ክብደቱ 18 ነው። ጫፉ ላይ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባለ 5 ሊትር ባዶ የዘይት ጀሪካን አሰርንበት። አምስት ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ትንሿ ጀሪካን ትልቅ ሥራ ትሠራለች፣ ሁለቱ ተደምረው የቧንቧውን ክብደት ለጥቂት ይሸከሙታል። ድጋሚ በገመድ ስንጥላት በጎኗ ተኝታ ቆየች እንጂ አልዞረችም። ያስቃል፣ ምሰሶ ላይ የቢጫ ዘይት ጀሪካን፣ ያየን እረኛ ሁሉ «ምንድን ነው እሱ?» ይላል። ይበል።

ሰሌዳውን በጎማ ክር ከገላዋ ጋር እሰሩት። ይሄ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ መንሳፈፊያ። ስትሞላ ኮምፔንሳቶው አያሰምጣትም፣ ግን ጠርዟ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ በባልዲ ብትቀዱም ተመልሶ ይገባል። ከመቀመጫዎቹ ሥር በሁለቱም ጎን ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች አስገብታችሁ እሰሩ። በላላ ሲባጎ አይደለም፣ ውሃ ውስጥ እያንዳንዱ በ20 ኪሎ ጉልበት ወደ ላይ ስለሚገፋ ሲባጎውን በጥሶት ይሄዳል። የካሶኒ ማሰሪያ ቀበቶ ጥሩ ነው። በጎንና በጎን መሆናቸው ስትሞላም ቀጥ ብላ እንድትቆም ያደርጋታል። አታብዙት ደግሞ። ጎኖቿ ከመጠን በላይ ከተሞሉ ስትገለበጥ በጎኗ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፣ ሰሌዳው ከእጃችሁ ይርቃል፣ ነፋስም እየገፋ ይወስዳታል። በየጎኑ ሦስት ሦስት ለኛ በቅቶናል።

ስለ ሰዎቹም ልበል። የደጋ ልጅ ነን፣ አብዛኛችን ዋና አንችልም፣ ይታወቃል። የውሃው ቅዝቃዜ ደግሞ የላንጋኖ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት እጅ ስታስገቡ አጥንት ይሰማዋል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው፤ ሳይፈልግ ይተነፍሳል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። ዋናተኛም ቢሆን። ይሄ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይቆያል፣ ያን ጊዜ ሥራው አንድ ነው፣ ፊትን ከውሃ በላይ አድርጎ መቆየት። ይሄንን የሚሠራላችሁ ላይፍ ጃኬት ነው። የማንሳፈፍ ጉልበቱ 50 ኒውተን የሚለው ለዋናተኛ ነው፣ ዋና ለማይችል 100 የሚል ፈልጉ። ወርክሾፑ ከጀልባዋ ጋር የሰጠን ሁለት ላይፍ ጃኬት ምንም ቁጥር አልነበረበትም፣ ፎሙም ሲጨመቅ ይጠጣል። መለስንለት። ጋቢና በርኖስ ደግሞ ዳር ላይ ይቅር፣ ስትመለሱ ትለብሱታላችሁ። ውሃ የጠጣ በርኖስ ለብሶ ጀልባ ላይ መውጣት አይሞከርም።

ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ጎን አይቁም። በጭራሽ አይቁም። የቆመ ሰው ክብደቱን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ላይ ያነሳል። ሦስተኛ ሰው መጫን የሚፈልጉ አሉ፣ ባለሙያው «አራት ትችላለች» ይላሉ። ለመንሳፈፍ ትችላለች። ሦስት ሰው ስትይዝ ግን ጠርዟ ወደ ውሃው ይጠጋል፣ ያ ቅድም ያልኩት 20 ዲግሪ ወደ 15 ይወርዳል። ሁለት አዋቂ፣ ወይም አንድ አዋቂና ሁለት ልጅ፣ በቃ።

ላንጋኖ ልውሰዳት የምትሉ ካላችሁ፣ እዚያ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ይከብዳል፣ ያው ነፋስ ከአሥር በመቶ በላይ በልጦ ይገፋል። ውሃውም ሰፊ ነው፣ ማዕበል ይሠራል። የኛ ግድብ ላይ የተመቸ ነፋስ እዚያ ላይመች ይችላል፣ ሸራውን አሳጥራችሁ ጀምሩ፣ ዳር ዳሩን ሁኑ።

መሪዋ ጥሩ ነው። ብየዳው ጥሩ ነው። ቀለሙ ይላጣል።

ወርክሾፑ አሁን ሁለተኛዋን እየሠራ ነው፣ መሸፈኛ ጠርዝ ገብቶላታል፣ ማሰሪያው ብረት ቀርቷል። ቧንቧው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። አሉሚኒየም ቢሆን ክብደቱ ወደ ሲሶ ይወርድ ነበር፣ ግን 5 ሜትር ሙሉ ቀጥ ያለ ማግኘት ይከብዳል፣ ዋጋውም ያስለቅሳል። እኔ የምለው ባህር ዛፍ ነው። ደጃችን ላይ እየበቀለ ለምን ቧንቧ? ደረቅና ቀጥ ያለ፣ ከታች 7 ሳንቲም ከላይ 4 ሳንቲም ውፍረት ያለው ግንድ ለ5 ሜትር 9 ኪሎ ያህል ነው የሚመዝነው፣ የቧንቧው ግማሽ። ከውሃም ይቀላል፣ ስትገለበጡ ይንሳፈፍላችኋል። ባለሙያው «ይጎብጣል» ይላሉ። ይጉበጥ እንጂ! ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ጫፉ ወደ ኋላ ሲጎብጥ የሸራው አናት ይከፈታል፣ ነፋሱ ከላይ ያመልጣል፣ የሚያገለብጠው ጉልበት በደንብ የሚቀንሰው ደግሞ ግፊቱ እዚያ ከላይ ሲቀንስ ነው። ባህር ዛፉን የምታስቆርጡ ከሆነ ቅርፊቱን ወዲያው ልጣችሁ ጥላ ውስጥ አጋድማችሁ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት ይሰነጠቃል።